ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋራዥ ስንከፍት፦ የተቃጠለ ዘይት፣ ሌብል የሌለው በርሜልና የስቴቱ ሕግ

አዲስ_ጋራዥ፦

ሰላም ወገኖች። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ሁለት ሊፍት ያለው ጋራዥ ተከራይቻለሁ። የመጣሁት ከቨርጂኒያ ነው። ሥራው ዘይት መቀየር፣ ፍሬን፣ ራዲያተርና ባትሪ ነው፤ ቀለም አንቀባም፣ ሞተርም አናወርድም። በቀን 4 መኪና ያህል ዘይት እንቀይራለን።

ቨርጂኒያ የተቃጠለውን ዘይት በርሜል ላይ «ዩዝድ ኦይል» ብለን ጽፈን፣ የሚያነሳው ድርጅት ሲመጣ ደረሰኝ ተቀብለን እንሸኝ ነበር። እዚህ ጎረቤቴ «ኢፒኤ ቁጥር ሳይኖርህ አንድ ጀሪካን እንዳታስነሳ» አለኝ፤ ኢፒኤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። እውነት ነው? የቀድሞው ተከራይ ቁጥር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። በእሱ መሥራት እችላለሁ?

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ሰውየው ከኋላ በኩል ባለ 55 ጋሎን 3 በርሜል ትቶ ሄዷል። አንዱም ሌብል የለውም። የመጀመሪያው ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ሁለተኛው ጥቁር ዘይት ይመስላል። የሦስተኛው ክዳን ላላ ያለ ነው፤ ሽታው ጣፈጥ ይላል። አከራዩ «ከዘይትህ ጋር ቀላቅለህ ስጣቸው፣ አንድ ላይ ያነሱታል» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የኩፓ_ወረቀት፦

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከበርሜሎቹ ልጀምር፤ የሚያስቸኩሉት እነሱ ናቸው።

አከራይህን በዚህ ነገር አትስማው። በሕጉ «አመንጪ» የሚባለው ቆሻሻውን መጀመሪያ ያወጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሥራው አንድን ነገር ወደ አደገኛ ቆሻሻ ሕግ ያስገባ ሰውም አመንጪ ነው። የማታውቀውን ነገር ከራስህ ዘይት ጋር በቀላቀልክበት ደቂቃ በርሜሉ የአንተ ሆነ ማለት ነው። ማኒፌስቱ (የአደገኛ ቆሻሻው የጭነት ሰነድ) ላይ የሚፈርመውም የአንተ እጅ ነው።

ክዳኑ ያበጠውን በርሜል አትንካው። ውስጡ ግፊት አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይጨምራል። የክዳኑን ቀለበት የያዘውን ቡሎን የፈታ ሰው ክዳኑ ፊቱ ላይ ሊወረወርበት ይችላል። ሰው ከአካባቢው አርቅ፣ ብየዳና ግራይንደር በአጠገቡ አይሠራ፣ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ደውልና «ያበጠ፣ ምንነቱ ያልታወቀ በርሜል» ብለህ አስመዝግብ። ሦስተኛውንም ሽታውን ለመለየት ብለህ ደግመህ አታሽትተው። የራዲያተር ውሃም ጣፈጥ ይላል፣ ክሎሪን ያለበት ማጽጃም ጣፈጥ ይላል። ማጽጃው ነርቭና ጉበት የሚጎዳ ነገር ነው፤ አፍንጫ መመርመሪያ አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም በፎቶ ያዝ። በርሜሉ ላይ የተፋቀ ጽሑፍ፣ ዝገት፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ምልክት፣ ሁሉም ይታይ። ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ስንት በርሜል እንደሆነ፣ የት እንደቆመ፣ ቁልፍ ስትረከብ እዚያው እንደነበረ ቀኑን ጠቅሰህ ጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ነገ የለም። ቀጥሎ ለአካባቢህ ኩፓ ደውል። ኩፓ ማለት ስቴቱ አደገኛ ቆሻሻን፣ የተከማቸ ኬሚካልንና ታንክን በአንድ ላይ እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። እንደ ከተማህ የካውንቲው ወይም የከተማው እሳት አደጋ ሊሆን ይችላል። አንተ ቀድመህ መደወልህ፣ በርሜሎቹን ተቆጣጣሪው ራሱ ሲያገኛቸው ከሚኖርህ ቦታ ጋር አይወዳደርም።

ባለቤትነቱ የአከራዩ መሆኑ ከተለየ፣ ለአንድ ጊዜ ማስወገጃ የሚሆን ጊዜያዊ መለያ ቁጥር ከዲቲኤስሲ ማውጣት ይችላል። ዲቲኤስሲ የካሊፎርኒያ የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ቁጥጥር መምሪያ ነው። ጊዜያዊው ቁጥር ለ90 ቀን ይሠራል። ያበጠው ጉዳይ ከተፈታ በኋላ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ይጠራና በርሜል በበርሜል ይመረመራል። ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ ናሙና ማስወሰድ ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የትኛው በርሜል እንደተበላሸ ስለማይነግርህ ሦስቱንም በከባዱ ዋጋ ታስወግዳለህ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልመለስ። ጎረቤትህ ልክ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ለሪሳይክል የሚሄድ የተቃጠለ ዘይት ራሱን የቻለ ቀለል ያለ ደንብ አለው፤ ቨርጂኒያም በዚያው መንገድ ነው የምትሄደው። ካሊፎርኒያ ግን የተቃጠለ ዘይትን አደገኛ ቆሻሻ ብላ ነው የምትይዘው። ስቴቱ የራሱን የአደገኛ ቆሻሻ ሕግ ያወጣው በ1972 ነው፣ የፌዴራሉ ከመምጣቱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ። እስከ ዛሬም መለኪያው ከፌዴራሉ ጠበቅ ይላል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ፦ ናሙናው ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ በአንድ ሊትር ከ500 ሚሊግራም ባነሰ መጠን በ96 ሰዓት ውስጥ ግማሾቹን ዓሦች ከገደለ አደገኛ ቆሻሻ ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ በፌዴራሉ ደንብ ውስጥ የለም። ስለዚህ «እዚያ ቤት እንዲህ ነበር» የሚለው እዚህ አይሠራም።

ኢፒኤ ቁጥር የሚባለው መለያ ቁጥር ለቦታ የሚሰጥ ነው። ከቨርጂኒያ ይዘኸው አትመጣም፤ የቀድሞውን ተከራይ ቁጥርም እንዳለ አትጠቀምም። የዲቲኤስሲን ቅጽ 1358 ሙላ፤ በቦታው ላይ ያለ ቁጥር ከሆነ ባለቤት መቀየሩን በዚያው ቅጽ ታሳውቃለህ። እንዳንተ ዓይነት ጋራዥ የሚያገኘው ቁጥር ብዙውን ጊዜ «ሲኤኤል» ብሎ የሚጀምረው ነው። በየዓመቱ በኢንተርኔት የሚሞላ የማረጋገጫ መጠይቅ አለው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መጠይቁ በኢሜይል ይመጣል፣ አድራሻው የተቀየረ ወይም የሂሳብ ሠራተኛው ኢሜይል ይሆንና ሳይሞላ ይቀራል። ቁጥሩ ይዘጋል። ይህ የሚታወቀው ጫኙ መጥቶ «ቁጥርህ አይሠራም፣ አላነሳም» ሲል ነው፤ በርሜሉ ሞልቶ ቀኑ እየቆጠረ።

ቀኑን እንቁጠር። 4 መኪና በ5 ኳርት በቀን 5 ጋሎን ነው፤ በ25 የሥራ ቀን 125 ጋሎን። አንድ ጋሎን ዘይት 3.3 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በወር ወደ 415 ኪሎ ይመጣል። በወር ከ1,000 ኪሎ በታች የሚያወጣ ሰው ቆሻሻውን ግቢው ውስጥ ለ180 ቀን ማቆየት ይችላል፤ መውሰጃው ከ200 ማይል በላይ ከራቀ 270 ቀን። በማንኛውም ጊዜ ግቢው ውስጥ ያለው ከ6,000 ኪሎ መብለጥ የለበትም። በወር ከ100 ኪሎ በታች ለሚያወጣ ቆጠራው የሚጀምረው 100 ኪሎ ሲሞላ ነው፤ አንተ ግን ከዚያ በላይ ስለሆንክ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምረህ ቁጠር። ቀኑ ካለፈ ያለ ፈቃድ የማከማቻ ተቋም እንደከፈትክ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ነው ቀን የሌለው ሌብል ያን ያህል የሚያስቀጣው። ሌብሉ ላይ «ሃዛርደስ ዌስት» የሚለው ቃል፣ ምን እንደሆነ («ዩዝድ ኦይል»)፣ ፈሳሽ ወይም ጠጣር መሆኑ፣ አደጋው፣ የድርጅትህ ስምና አድራሻ፣ የመጀመሪያው ጠብታ የገባበት ቀን ይጻፋል። በማርከር ሳይሆን ዘይት በማያጠፋው ነገር ጻፈው፤ ዘይት የነካው ማርከር በሁለት ሳምንት ውስጥ አይነበብም።

ለተቃጠለ ዘይት ጫኙ አብዛኛውን ጊዜ በጋራ ማኒፌስት (ለብዙ ጋራዥ በአንድ ሰነድ) ነው የሚያነሳው። አንተ የምትይዘው ደረሰኙን ነው፤ 3 ዓመት አስቀምጥ። የራስህ ማኒፌስት ያለው ቆሻሻ ካለህ ደግሞ በፌዴራሉ የኢንተርኔት ማኒፌስት መዝገብ፣ ኢ-ማኒፌስት በሚባለው፣ ተመዝገብ፤ ከጃንዋሪ 22፣ 2025 ወዲህ ተረካቢው ድርጅት የተፈረመውን ወረቀት በፖስታ የመላክ ግዴታ የለበትም። ሳትመዘገብ «ወረቀቱ አልመጣም» ማለት አያድንህም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ፈሳሽ 55 ጋሎን፣ ጠጣር 500 ፓውንድ፣ በሲሊንደር ያለ ጋዝ 200 ኪዩቢክ ጫማ ከደረሰ የኬሚካል ዕቅድ በስቴቱ የኢንተርኔት መዝገብ፣ ሰርስ በሚባለው፣ ታስገባለህ። ሙሉ አንድ በርሜል የተቃጠለ ዘይት ይህን ይነካል።

ቡሎን_ፈቺ፦

ወረቀቱን ከላይ በደንብ አብራርተውታል። እኔ ወለሉ ላይ የሚሆነውን ልጨምር።

ተቆጣጣሪ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ፈነሉን ነው። በርሜሉ አፍ ላይ ፈነል ተሰክቶ ክፍት ከቆመ፣ በርሜሉ ክፍት ነው። ዘይት እየጨመርክ ወይም እያወጣህ ካልሆነ በቀር መዘጋት አለበት። ክዳን ያለውና በቀዳዳው ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝ ፈነል ግዛ፤ መክደኛው መቆለፊያ ይኑረው፣ ሥሩም ጎማ ይኑረው። በርሜሉ ቢጋደም የማይፈስ መሆን አለበት፤ መለኪያው ይኸው ነው። በክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ መዝጋት አይባልም።

በርሜሉን ራሱን በፕላስቲክ ገንዳ ላይ አቁመው፣ ጣሪያ ሥር። ዝናብ የሚያገኘው ገንዳ ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ይንሳፈፋል፣ ያም ሌላ አደገኛ ቆሻሻ ይሆንብሃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ዙሪያውን እየዞርክ እያየህ ቀኑን ጻፍ። ታንክ ካስገባህ ደግሞ በየሥራ ቀኑ ነው የሚታየው። ብዙዎች ከበርሜል ወደ ታንክ ሲሸጋገሩ ይህን ሳያውቁ ይገባሉ።

የዘይት ፊልትሮ። ትኩስ እያለ ጉልላቱን ብሳና አዘቅዝቀው። ያልተበሳ ፊልትሮ ዘይቱን አይለቅም፤ ውስጡ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የምትይዝ የጎማ ቫልቭ አለች፣ አየር ካልገባ አትለቅም። ማታ አዘቅዝቀህ ጠዋት አንሳ፤ ኢፒኤ የሚመክረው ቢያንስ 12 ሰዓት ማንጠፍጠፍን ነው። እንዲህ ተንጠፍጥፎ ለብረት ማቅለጫ የሚሄድ ፊልትሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ አደገኛ ቆሻሻ አይያዝም፤ ግን ክዳን ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ፣ የሚንጠባጠበውን የሚይዝ ዕቃ ውስጥ «ድሬንድ ዩዝድ ኦይል ፊልተርስ» ተብሎና ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። ከአንድ ቶን በታች ከሆነ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ 180 ቀን። ሲወሰድ የጭነት ወረቀቱን 3 ዓመት ያዝ። ሳይንጠፈጠፍ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተጣለ ፊልትሮ ግን በገንዳው ሥር ጥቁር መስመር ይሠራል። ያን መስመር ተከትለው ነው የሚመጡት።

የራዲያተር ውሃ ለብቻው። ከዘይት ጋር አንድ በርሜል አይገባም፤ ውሃ የበዛበት ዘይት ዋጋው ይወርዳል፣ ጫኙም ያስከፍልሃል። ከአሮጌ ራዲያተር ብየዳ እርሳስ፣ ከሌላው ክፍል መዳብ ይሟሟበታል፤ ቆሻሻው የሚከብደው በዚህ ነው። ከሞተሩ ዘይት የገባበት የራዲያተር ውሃ፣ ቡና በወተት የሚመስለው፣ ከንጹሑ ጋር አይቀላቀል። ቤንዚን ከታንክ ስታወርድም ወደ ዘይቱ በርሜል እንዳትገለብጥ። ትንሽ ቤንዚን ዘይቱን በቀላሉ የሚቀጣጠል ያደርገዋል፤ ከ140 ዲግሪ ፋራናይት በታች የሚቀጣጠል ፈሳሽ በሌላ መደብ ነው የሚገባው።

የፈሰሰ ዘይት ላይ ሰጋቱራ ወይም መምጠጫ አፈር ትበትናለህ። እስኪጠግብ ደጋግመህ ተጠቀምበት፤ ሲጠግብ ግን ቆሻሻ ገንዳ አይገባም፣ ለብቻው በክዳን ዕቃ ነው። ጨርቅ በኪራይ የሚያጥብ ድርጅት ካለህ ይቀልልሃል፤ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳይኖረው ብቻ። «ጨርቅ ነው፣ ይሄዳል» ብለህ ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) በጨርቅ አታስወጣ።

ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ ቀዳዳ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ ምንም እንዳታጥብ። ከተማው መስመር ላይ ከሆነ ፈቃድና ዘይት መለያ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፤ ጉድጓዱ የሚይዘው ዝቃጭም ራሱ ተመርምሮ ነው የሚወጣው። ወደ መሬት ወይም ወደ ሴፕቲክ ከሆነ ደግሞ የተሽከርካሪ ቆሻሻ ወደ መሬት ማስገባት ክልክል ስለሆነ፣ አከራዩ ቀዳዳውን በሲሚንቶ እንዲደፍነው ጠይቅ። ይህንንም በጽሑፍ።

አዲስ_ጋራዥ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእሳት አደጋ ደውያለሁ፣ ለአከራዩም ጽፌያለሁ። ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ከቨርጂኒያ 2 ካርቶን ብሬክ ክሊነር ይዤ መጥቻለሁ። ቆርቆሮው ላይ «የማይቀጣጠል» ይላል፣ ለሠራተኛ ይሻላል ብዬ ነው የገዛሁት። ያስጠይቀኛል?

ኬሚስቱ_ሳክራመንቶ፦

ያስጠይቅሃል ወንድሜ፣ ሳትከፍተው አቁም። «የማይቀጣጠል» የሚባለው ብሬክ ክሊነር ብዙውን ጊዜ የማይቀጣጠለው ክሎሪን ስላለበት ነው። የኬሚካሉን መረጃ ወረቀት ክፍል 3 ተመልከት። ቁጥሩ 127-18-4 ከሆነ ፐርክሎሮኢትሊን ነው፣ ድራይ ክሊነሮች «ፐርክ» የሚሉት፤ 75-09-2 ሜቲሊን ክሎራይድ፣ 79-01-6 ትራይክሎሮኢትሊን ነው። ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ያለበትን ማጽጃ ካሊፎርኒያ በመኪና ጥገና ሥራ ላይ ከከለከለች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። በፌዴራልም በ2024 በሦስቱም ላይ ጠንካራ ሕግ ወጥቷል።

አሁን ዋናው ነገር በርሜልህ ላይ የሚያደርሰው ነው። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጠቅላላው ሃሎጅን (ክሎሪንና መሰሎቹ) ከ1,000 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 1,000 እጅ፣ ካለፈ፣ ሕጉ ክሎሪን ካለበት ሶልቨንት ጋር ተቀላቅሏል ብሎ ይገምታል። አለመቀላቀሉን የማስረዳት ሸክም በአንተ ላይ ነው።

ስሌቱን እንሥራ። ባለ 55 ጋሎን ሙሉ በርሜል ዘይት 183 ኪሎ ያህል ነው። የዚህ 1,000 ፒፒኤም 183 ግራም ነው። አንድ ቆርቆሮ ውስጥ 500 ግራም ፐርክ አለ እንበል፤ የፐርክ 85 በመቶ ክብደቱ ክሎሪን ስለሆነ 428 ግራም ክሎሪን ይሆናል። ፍሬኑን ስትረጭ ከሥር የዘይት መቀበያው ሳህን ከነበረና ቆርቆሮው ሁሉ እዚያ ከተንጠባጠበ፣ በርሜሉ ወደ 2,300 ፒፒኤም ሄደ። ግማሽ ቆርቆሮ እንኳ ይበቃዋል። ባለ 250 ጋሎን ታንክ ቢሆን አንድ ቆርቆሮ ወደ 510 ያደርሰዋል፣ ሁለተኛው ያሳልፈዋል። የሚረጨው ሰው ግን ሁለት ቆርቆሮ በአንድ ቀን መጨረሱን አያስታውሰውም።

ጫኙ ከማንሳቱ በፊት በትንሽ የመመርመሪያ ኪት የሚለካው ለዚህ ነው። ሳይለካ ካነሳና የአንተ ዘይት ከሌሎች ጋራዦች ዘይት ጋር በቦቴው ከተቀላቀለ፣ ሙሉው ቦቴ ሊበላሽ ይችላል። ከእያንዳንዱ ጋራዥ የተያዘው ትንሽ ጠርሙስ ናሙና ነው ማን እንዳበላሸው የሚያሳየው። ስለዚህ ጫኙ ናሙና ሲወስድ አንተም አንድ ጠርሙስ አስቀር፤ ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ጽፈህ፣ ክፍያው እስኪዘጋ አስቀምጠው።

ወደ ሦስተኛው በርሜልህ ስመጣ፦ ፐርክ ከውሃ 1.6 ጊዜ ይከብዳል። በርሜሉ ውስጥ ውሃ ካለ ከሥሩ ይተኛል። ከላይ በሲሪንጅ የተቀዳ ናሙና ንጹሕ ዘይት ሊመስል ይችላል። ናሙና የሚወስደው ሰው ከክዳን እስከ ወለል የሚደርስ የመስታወት ቱቦ አስገብቶ ሙሉውን ዓምድ ማውጣት አለበት። ለላቦራቶሪው ጠቅላላ ሃሎጅን፣ የመቀጣጠያ ነጥብ፣ ፒኤች፣ ብረታ ብረትና ፒሲቢ እንዲለኩ ጠይቅ። ፒሲቢ አሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የነበረ ነው፤ ባልታወቀ ጥቁር ዘይት ላይ አትዝለለው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠብቁበት አንድ ነገር ልበል። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የተፈቀደው የፐርክ መጠን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። አንድ ሊትር ፐርክ 1.62 ኪሎ ይመዝናል። አካፍለው፤ 324 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ከገደቡ ላይ ያደርሳል። ኮንክሪት ደግሞ አያግደውም፤ በስንጥቁ፣ አንዳንዴም በራሱ በኮንክሪቱ ቀዳዳ አልፎ ይወርዳል። ሥር ውሃ ሲያገኝ ከበታቹ ይሰምጣል፣ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል።

ካርቶኖቹን በተመለከተ፦ ያልተከፈተውን ወደ ሻጩ መመለስ ከተቻለ እሱ ይቅደም። ካልሆነ ካሊፎርኒያ የስፕሬይ ቆርቆሮን እንደ «ዩኒቨርሳል ዌስት» ስለምትይዝ ቀለል ባለው መንገድ፣ «ዩኒቨርሳል ዌስት፣ ኤሮሶል ካንስ» ተብሎና ቀን ተጽፎበት እስከ አንድ ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል። ቆርቆሮውን ራስህ በስተህ ለማፍሰስ አትሞክር፤ ያ ለብቻው ለኩፓ የሚነገር ሥራ ነው፣ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽም ወዲያው ሙሉ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል።

የመርካቶ_ልጅ፦

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። አገር ቤት የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፣ ለአቧራም መንገድ ላይ ይረጫል። እዚህ ግቢዬ ውስጥ ያለውን የአፈር መንገድ ብረጭበት ምን ያጋጥመኛል? ዘይት ዘይት ነው እኮ።

ኬሚስቱ_ሳክራመንቶ፦

እንዳታደርገው ወንድሜ። እንጨቱንም መንገዱንም ተው። በፌዴራልም የተቃጠለ ዘይት ለአቧራ ማስቀሪያ መርጨት የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ከየት እንደመጣ ብታውቅ ደግሞ አትጠይቅም ነበር።

ሚዙሪ ውስጥ ታይምስ ቢች የምትባል ከ2,000 ሰው በላይ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፋልት ያልነበረውን መንገዷን አቧራ እንዳያስነሳ አንድ የዘይት ጫኝ ተቀጥሮ የተቃጠለ ዘይት ረጨበት። ሰውየው ከዘይቱ ጋር ከኬሚካል ፋብሪካ የተረከበውን ዳይኦክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ያለበት ዝቃጭ ቀላቅሎ ነበር። ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ የፈረስ ሜዳዎችም ተረጭተው ፈረሶች ሞተዋል። በ1982 መጨረሻ ጎርፍ ከተማዋን አጥለቀለቃት፣ የአፈሩ ምርመራ ውጤትም በዚያው ሰሞን ወጣ። በፌብሩዋሪ 1983 የፌዴራል መንግሥት ቤቶቹን በሙሉ ገዝቶ ሕዝቡን እንደሚያስነሳ አሳወቀ። ዛሬ ከተማዋ የለችም።

አንተ የምትረጨው ዘይት ዳይኦክሲን አይኖርበት ይሆናል። ግን የሞተር ዘይት ሲቃጠል ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና የነዳጅ ቅሪት ይሰበስባል፤ በርሜሉ ውስጥ ሌላ ሰው ምን እንደገለበጠም አታውቅም። ልጆችና ዶሮዎች በሚመላለሱበት አፈር ላይ ነው የምታፈስሰው።

ጋሽ_ባትሪ፦

ስለ ባትሪ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልበል። የድሮውን ባትሪ አዲስ ለሸጠልህ መልስ፤ ያስያዝከውን ገንዘብም ታገኛለህ። እስኪነሳ ድረስ ጣሪያ ሥር፣ የአሲድ መያዣ ገንዳ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከአንድ ቶን በታች አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ 180 ቀን። የተሰነጠቀው ለብቻው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይግባ፣ ቀን ይጻፍበት። አንድ ሁለት ፓኬት ቤኪንግ ሶዳ አጠገቡ አስቀምጥ፤ አሲዱ ሲፈስ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ትበትንበታለህ። የጠረግከውን ግን ውስጡ እርሳስ ስላለ ገንዳ ውስጥ አትጣለው። ከአሮጌ ጎማ የምትነቅለውን የእርሳስ ሚዛንም እንዲሁ ሰብስበህ ለብረት ገዢ ስጥ፤ አዲስ የእርሳስ ሚዛን መግጠም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ክልክል ነው።

ለባትሪ የሚሰጥህን ወረቀት አታቅልለው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቨርነን የነበረው የኤክሳይድ የባትሪ ማቅለጫ በጊዜያዊ ፈቃድ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ በ2015 ሲዘጋ በዙሪያው በሺዎች የሚቆጠሩ መኖሪያ ቤቶች ግቢ በእርሳስ ተበክሎ ነበር። የሕፃናት መጫወቻ አፈር ነው ተቆፍሮ የወጣው። ባትሪህ ከእጅህ ወጥቶ የት እንደገባ ማወቅ የአንተም ጉዳይ ነው።

አዲስ_ጋራዥ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪው ሳይነግረኝ ነው የሚመጣው? ምን ይጠይቀኛል?

የኩፓ_ወረቀት፦

አብዛኛውን ጊዜ ሳይነግር ነው። በሩ ላይ መታወቂያውን አይተህ አስገባው፣ አብረኸው ዙር። በርሜል በበርሜል ክዳን፣ ሌብል፣ ቀን ያያል። ደረሰኞችህን በቀን ተደርድረው በአንድ ማህደር እንድታሳየው ይጠብቃል፤ ከወጣው ዘይት ጋር ያመሳክራል። በወር 125 ጋሎን የሚያወጣ ጋራዥ የ6 ወር ደረሰኙ 200 ጋሎን ብቻ ከሆነ፣ ቀሪው የት ገባ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ስልኩ አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፍ፤ የአደጋ ጊዜ ተጠሪው ስምና ስልክ፣ የእሳት አደጋ ስልክ፣ የእሳት ማጥፊያውና የመምጠጫው ቦታ። ለፈሰሰ ነገር መጀመሪያ 911፣ ከዚያ የስቴቱ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ማዕከል 800-852-7550 ይጻፍበት። ሠራተኞችህን ደግሞ የትኛው በርሜል ምን እንደሚይዝ ቆሞ ሊጠይቃቸው ይችላል። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሠራተኛ ካለህ በርሜሉ ላይ ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ «የተቃጠለ ዘይት ብቻ» ብለህ ጻፍበት፤ እንግሊዝኛው ግን መቅረት የለበትም።

ቀላል ጥፋት ካገኘ በ30 ቀን ውስጥ እንድታስተካክል ይጽፍልሃል። አስተካክለህ ፎቶ ጨምረህ በጊዜው ላክ፤ በዚያ ያበቃል። ያንኑ ጥፋት በሚቀጥለው ጉብኝት ካገኘው ግን ቀላል መባሉ ይቀራል። ሕጉ ላይ የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ጥሰት በቀን እስከ 70,000 ዶላር ይደርሳል። ትንሽ ጋራዥ በተከፈተ ፈነል ምክንያት እዚያ አይደርስም፤ ያልታወቀ በርሜል ቀላቅሎ የላከ ግን ወደዚያ መንገድ ይገባል።

የሦስተኛው በርሜል ውጤት ሲመጣ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፍልን፤ የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ድረስ በርሜሎቹን በሰንሰለት ከልልና ሠራተኞችህን አስጠንቅቅ።